ቁም ሳጥኑ ሲጢጥ እያለ ልጄን ይቀሰቅስብኛል፤ ዘይት ቀባሁት፣ ባሰበት

የጨቅላ እናት · ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 9፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄን ገና አሁን አስተኝቼ ነው የምጽፈው።

ቁም ሳጥናችን ባለ 3 በር ነው። የቆመው የልጁ አልጋ አጠገብ ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሌላ ቦታ ላደርገው አልችልም። ዳይፐሩም፣ ፎጣውም፣ ቅያሪ ልብሱም ያለው በመካከለኛው በር ውስጥ ነው። ሌሊት ሁለት ሦስቴ መክፈቴ አይቀርም። በከፈትኩት ቁጥር ሲጢ...ጥ ይላል። ልጁ ብድግ።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ቀስ ባልኩ ቁጥር ይብስበታል። ትንፋሼን ይዤ በትንሽ በትንሹ ስስበው ጩኸቱ ይረዝማል። ባለቤቴ ቀን ላይ ቧ አድርጎ ሲከፍተው ግን ድምፁ የለም።

ከ2 ሳምንት በፊት የምግብ ዘይት በጥጥ ቀባሁት። 4 ቀን ዝም አለ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ተመልሶ መጣ። አሁን ደግሞ ሌላ ድምፅ ጨምሯል፤ ሊዘጋ ሲል ቀጭ ይላል። ማጠፊያውን ስነካው እጄ ላይ የሚያጣብቅ ቡናማ ነገር ይቀራል።

ቁም ሳጥኑ ቺፕውድ ነው። ማጠፊያዎቹ እነዚያ ከውጭ የማይታዩት ናቸው፤ በሩ ውስጥ ክብ ሆኖ የተቀበረ ብረት ያላቸው። 3 ናቸው፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

ብሎን ፈቺ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡45

ደብሊው ዲ 40 የሚባለውን ስፕሬይ ንፊበት። ቀጭኗን ቱቦ ሰክተሽ ማጠፊያው መሃል ላይ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ቤት ሁሉንም በር ዝም ያሰኘሁት በእሱ ነው።

አናጢ ነኝ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡20

እህቴ፣ በመጀመሪያ ልጅሽን ያሳድግልሽ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ለጊዜው ምንም አትቀቢ፣ ምንም አትንፊ። መጀመሪያ የሚጮኸውን ቦታ እንፈልግ። የሚጮህ በር ይዘውልኝ የሚመጡ ሰዎች ሁሉ ማጠፊያውን በዘይት አጥለቅልቀው ነው የሚመጡት። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ማጠፊያው ላይ አይደለም። የላላ ብሎን ነው፣ ወይም እንጨት ከእንጨት ጋር እየተፋተገ ነው፣ ወይም ሳጥኑ ራሱ ተጣሞ ቆሟል። ለእነዚህ ዘይት መድኃኒታቸው አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚሆነው።

ቀስ ስትዪ የሚብስበት ምክንያት አለው። ሁለት ደረቅ ብረቶች ሲፋተጉ ዝም ብለው አይንሸራተቱም። ይያያዛሉ፣ ይለቃቀቃሉ። እንደገና ይያያዛሉ፣ ይለቃቀቃሉ። ይህ በአንድ ሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ጆሮሽ አንድ ረጅም ድምፅ አድርጎ ይሰማዋል። በፍጥነት ስትከፍቺው ለመያያዝ ጊዜ ያጣሉ፤ ሸርተት ብለው ያልፋሉ። ማሲንቆ የሚጮኸው በዚሁ መንገድ ነው። የደጋኑ ጭራ ሙጫ ይቀባል፤ ሙጫው ክሩን ይይዝና ይለቀዋል። ሙጫ ካልተቀባ ድምፅ አይወጣውም። የማሲንቆው ሳጥን ደግሞ ያቺን ትንሽ ድምፅ ተቀብሎ ያጎላታል። ያንቺም ቁም ሳጥን ትልቅ ሳጥን ነው፤ ሥራው አንድ ነው።

የቀባሽው የምግብ ዘይት አየር ሲያገኘው ውሎ አድሮ ይወፍርና እንደ ሙጫ ይሆናል። ቡናማው ነገር እሱ ነው። አቧራም ይሰበስባል። ደጋኑን ሙጫ ቀባሽው ማለት ነው።

አሁን ሦስት ነገር ሞክሪልኝ፤ ልጁ ነቅቶ ሲጫወት።

አንደኛ፣ በሩን ግማሽ ክፈቺ። በእጀታው በኩል የታችኛውን ጥግ ይዘሽ ትንሽ ወደ ላይ ደግፊው። ብዙ አይደለም፤ ክብደቱን ብቻ ተቀበዪው። እንደደገፍሽው ክፈቺ፣ ዝጊ። የጠፋ ድምፅ ካለ ምንጩ ክብደት ነው፤ የላላ ወይም የወረደ ነገር አለ። ያልጠፋ ድምፅ ካለ ምንጩ ድርቀት ነው።

ሁለተኛ፣ ባለቤትሽ በሩን ቀስ እያለ ያንቀሳቅስ። አንቺ የጣትሽን ጫፍ በየተራ ሦስቱም ማጠፊያ ላይ አሳርፊ። ጆሮ ያታልላል፤ ድምፁ በእንጨቱ ውስጥ ስለሚሄድ ከላይ የሚጮኸው ከታች ይመስላል። ጣት አይሳሳትም። የሚጮኸው ማጠፊያ ጣትሽ ሥር ይንቀጠቀጣል።

ሦስተኛ፣ በሩን ዝጊና አንድ ወረቀት በክፍተቱ ዙሪያውን አሳልፊ። ወረቀቱ የሚይዝበትን ቦታ ንገሪኝ።

ማሽን ቤት · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡05

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ስለ ደብሊው ዲ 40 አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት።

ስሙ ራሱ ይናገራል። ሁለቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ውሃን አስወጋጅ ማለት ናቸው። 40 ደግሞ የተሳካው 40ኛው ሙከራ ስለሆነ ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን መጀመሪያ የዋለው የአትላስ ሚሳኤልን ውጫዊ አካል ከዝገት ለመከላከል ነበር። አብዛኛው ክፍሉ የሚተን ፈሳሽ ነው። የዛገ ብሎን ለማስለቀቅና ቆሻሻ ለማሟሟት አሪፍ ነው። የሚቀረው ቅባት ግን በጣም ስስ ነው። ማጠፊያው ውስጥ ቀድሞ የነበረውን ግራሶም አጥቦ ሊያወጣው ይችላል። ለዚህ ነው ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ጩኸቱ የሚመለሰው። ስለዚህ በእሱ ካጸዳችሁ በኋላ ጥረጉትና ሌላ የሚቆይ ቅባት ስጡት።

ብሎን ፈቺ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡30

እውነት ነው። አሁን ሳስበው የመታጠቢያ ቤቱን ካቢኔት በዓመት ሦስት አራቴ እነፋዋለሁ። በር ሁሉ እንደዚያ ነው ብዬ ነበር የማስበው። አልሸሹም ዞር አሉ ሆኗል ለካ። የሚቆየው ቅባት ታዲያ የትኛው ነው?

ማሽን ቤት · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡55

እንደ ማጠፊያው ዓይነት ነው።

እንደ እህታችን ያለው ባለ ኩባያ ማጠፊያ ውስጡ ብዙ ትናንሽ መገጣጠሚያ አለው። ወፍራም ቅባት አይገባለትም። ለእሱ የስፌት መኪና ዘይት ነው የምመርጠው። ስስ ነው፣ አይደርቅም፣ ሙጫ አይሆንም። በመርፌ ጫፍ አንድ አንድ ጠብታ። የሲሊኮን ስፕሬይም ይሆናል፤ ግን እንጨቱ ላይ እንዳይረጭ ጨርቅ ያዙበት። ሲሊኮን የነካው እንጨት በኋላ ቫርኒሽ ወይም ቀለም ቢቀባ አይቀበልም፤ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል።

መሃሉ ላይ ዘንግ ላለው ማጠፊያ ደግሞ ነጭ ግራሶ፣ ቫዝሊን ወይም ሻማ።

የእርሳስ ዱቄት የሚሉም አሉ። ይሠራል፤ ግራፋይት ደረቅ ማለስለሻ ስለሆነ አቧራ አይዝም። የነካው ሁሉ ግን ይጠቁራል። የልጅ ልብስ ባለበት ቁም ሳጥን ላይ አልመክርም።

የአያቴ ሳጥን · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡15

ውይይቱን ላለመጥለፍ አጠር ላድርገው። እኔ ያለኝ አሮጌ የእንጨት ኮመዲኖ ነው። ማጠፊያው የነሐስ ነው፤ መሃሉ ላይ ዘንግ አለው። ሲከፈት እንደ ድመት ይጮኻል። ከዘንጉ ሥር ጥቁር ዱቄት ይወርዳል። ዱቄቱ ምንድን ነው? በስብሷል ማለት ነው?

አናጢ ነኝ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡40

አልበሰበሰም። ደረቅ ብረት ብረትን ሲበላው የሚወጣ ዱቄት ነው፤ ከአሮጌ ቅባትና ከአቧራ ጋር ተደባልቆ ጠቁሯል። ማጠፊያው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተፋቀ ነው። ቶሎ ካላለሰለስከው ዘንጉ ይቀጥናል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ያኔ በሩ መውረድ ይጀምራል፤ ቅባት አይመልሰውም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

እንዲህ አድርግ። ከበሩ ሥር መጽሐፍ ደርድረህ ክብደቱን አሳርፍ። አንዱን ማጠፊያ ብቻ ያዝ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትንካ። ዘንጉ የሚወጣ ከሆነ ከታች ቀጭን ሚስማር ደግነህ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልክ ወደ ላይ ግፋው። ሁለቱም ጫፉ የተቀጠቀጠ ከሆነ አይወጣም፤ አትታገለው። ያኔ ከላይ አንድ ጠብታ ስስ ዘይት ጠብ አድርገህ በሩን ሃያ ጊዜ ያህል ክፈት ዝጋ፤ የሚወጣውን ጥቁር ነገር እየጠረግክ።

ከወጣልህ በጨርቅ አጥራው። ዝገት ካለው በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርገው። ነሐሱን ግን አትፈግፍገው። ያ ያረጀ ቀለሙ ስንት ዓመት የፈጀ ውበት ነው፤ አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ነሐስ ደግሞ ለስላሳ ብረት ስለሆነ ቶሎ ይበላል።

ከዚያ ሻማ ውሰድና ዘንጉን ዙሪያውን አሸው። ነጭ ሽፋን እስኪይዝ። ስትመልሰው ትርፉ ጫፉ ላይ ይቀራል፤ ጥረገው። በቃ። እኔ ለአሮጌ ዕቃ ከሻማ የሚበልጥብኝ የለም። አይፈስም፣ እንጨቱን አያቆሽሽም፣ አቧራ አይጠራም።

ንጹህ ቤት · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡30

ጋሼ፣ ሳሙናስ? እናቴ መሳቢያ ሲያስቸግራት ደረቅ ሳሙና ነበር የምታሸው። እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። ይንሸራተታል።

አናጢ ነኝ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡10

እናትሽ አልተሳሳቱም። እንጨት ከእንጨት ጋር ለሚሄድ መሳቢያ ሳሙና ይሠራል። ችግሩ ሳሙና ከአየር እርጥበት መሳቡ ነው። ብረት ላይ ሲሆን ዝገት ይጠራል። እርጥበት ባለበት ክፍል እንጨቱ ላይም ይዝረከረካል። ሻማ ውሃን ይገፋል፤ ሁለቱም ላይ ይሠራል። ሻማ ካለሽ ሻማ።

የጨቅላ እናት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡50

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስቱንም ሞክረናል።

ስደግፈው ቀጭ የሚለው ጠፋ። ሲጢጥ የሚለው ግን አልጠፋም፤ ትንሽ ብቻ ቀነሰ። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለት ነው?

ጣቴን ሳሳርፍ የሚንቀጠቀጠው የላይኛው ነው። እኔ እስከዛሬ የታችኛው ይመስለኝ ነበር! ዘይቱንም በብዛት የቀባሁት የታችኛውን ነው። መሃለኛው ዝም ያለ ነው።

ወረቀቱ በእጀታው በኩል ከላይ አያልፍም። ከጎኑ ካለው በር ጋር ተነካክቷል። ወደ ታች ስወርድ ክፍተቱ እየሰፋ ይሄዳል፤ ከታች እርሳስ ያልፋል። የላይኛውን ማጠፊያ ብሎኖች በካቻቢቴ ሞከርኳቸው። ከሁለቱ አንዱ ዝም ብሎ ይዞራል፤ አይጠብቅም።

አናጢ ነኝ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

ጎበዝ። ሥራው አለቀ ማለት ይቻላል።

አዎ፣ ሁለት ናቸው። ቀጭ የሚለው ያ የላላ ብሎን ነው። በሩ ሲንጠለጠል የላይኛው ማጠፊያ ወደ ውጭ ይሳባል፤ የታችኛው ወደ ውስጥ ይገፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚነቀለው የላይኛው ነው። ቺፕውድ ደግሞ የተጣበቀ ፍርፋሪ ስለሆነ አንዴ ከተበላ ብሎኑን መልሶ አይዝም። ሲጢጥ የሚለው ራሱ ማጠፊያው ነው፤ ደርቋል፣ ተጣሞም እየሠራ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። አንድ ብሎን ስለላላ ብቻ በሩ እርሳስ እስኪያሳልፍ አይጣመምም። ሳጥኑ ራሱ ሳይንጋደድ አልቀረም። ሜትር ካለሽ የፊቱን ሁለት ሰያፍ ለኩ። ከላይ ግራ ጥግ እስከ ታች ቀኝ ጥግ፤ ከዚያ ከላይ ቀኝ እስከ ታች ግራ። ቀጥ ብሎ የቆመ ሳጥን ሁለቱ እኩል ናቸው። ካልተስተካከሉ ሳጥኑ ጎብጧል ማለት ነው። ሜትር ከሌለሽ ክር ይበቃል።

የጨቅላ እናት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

አንዱ 250 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 250.9። የ9 ሚሊ ሜትር ልዩነት። ባለቤቴ ሁለቴ ለካው።

ሌላም ነገር አገኘን። ከፊት በቀኝ በኩል ያለው እግር ወለሉን አይነካም። ወረቀት ከሥሩ ሸርተት ብሎ አለፈ። ወለሉ እዚያ ጋ ትንሽ ዝቅ ይላል። ቤቱን ስንቀይር ነው እዚህ ያቆምነው፤ በፊት የነበረበት ቤት አይጮህም ነበር!

አናጢ ነኝ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡45

ይኸው። መነሻው እሱ ነው። አንድ እግር በአየር ላይ ቀረ፤ ሳጥኑ ወደዚያ ተንጋደደ፤ በሩ ከማጠፊያው ጋር መታገል ጀመረ፤ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር የላይኛውን ብሎን ሳበው፤ ቀዳዳውን በላው። ማጠፊያውን ወር ሙሉ ዘይት ብታጠጪው ዘይቱ እግሩ ጋ አይደርስም።

ቅደም ተከተሉን አታዛቢብኝ። መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ብሎን፣ ቀጥሎ ማጠፊያ፣ መጨረሻ ማስተካከል። ከላይ ብትጀምሪ ሁለቴ ትሠሪዋለሽ።

እግሩ። ዕቃውን በሙሉ አውጡ። ሙሉ ቁም ሳጥን አይነሣም፤ ቢነሣም አደገኛ ነው። በሮቹን በማሸጊያ ቴፕ እሰሯቸው። ባለቤትሽ በቀኝ በኩል ቀና ሲያደርገው ጠንካራ ካርቶን ወይም ቀጭን ኮምፔንሳቶ አጥፈሽ ከእግሩ ሥር አስገቢ። አውርዱት፣ ሰያፉን ለኩ። ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች እስኪወርድ ጨምሩ ቀንሱ። ለስላሳ ካርቶን አትጠቀሙ፤ ውሎ አድሮ ይጨፈለቃል።

ብሎኑ። በሩን አውርዱት። ከታች ጀምራችሁ ፍቱ፤ የላይኛውን መጨረሻ። አንዳችሁ በሩን ያዙ። የላላውን ብሎን አውጪ። ሁለት ሦስት ስቴኪኒ የእንጨት ኮላ ነክረሽ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቂ፤ እስኪጣበብ። ትርፉን በምላጭ ከላዩ ቁረጪው። አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ ያንኑ ብሎን በእጅ አጥብቂ። በድሪል አይደለም፤ ድሪል የቺፕውድ ጠላት ነው፤ ጥርሱን ሲበላው አይታወቅሽም። ረጅም ብሎን ልግጠም እንዳትዪ። የሳጥኑ ጣውላ ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ያለፈ ብሎን በወዲያኛው በኩል ይወጣል።

ማጠፊያው። ያንን ቡናማ ሙጫ ሳታወጪ ምንም አትጨምሪበት። ከበሩ ላይ ፍቺውና ከክፍሉ ውጭ፣ አየር ባለበት፣ በአልኮል በነከርሽው የድሮ የጥርስ ብሩሽ እሺው። ልጁ አጠገብ አታድርጊው፤ ሽታው አይጠቅመውም። ሲደርቅ ማሽን ቤት ያሉሽን የስፌት መኪና ዘይት፣ አንድ አንድ ጠብታ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ። እጠፊ ዘርጊ፣ ትርፉን ጥረጊ። የሚንጠባጠብ ነገር መቅረት የለበትም፤ ልብስ ላይ ያርፋል።

ሦስቱንም አጽጂ። አንዱን ብቻ ካለሰለስሽው ሌላው ነገ ይጀምራል።

የእንጨት ቢፌ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡40

በዚህ አጋጣሚ ልጠይቅ። የእኔ ቢፌ ሙሉ እንጨት ነው። ዝናብ ሲጀምር በሩ ከታች ይይዛል፣ ይጮኻል። ደረቁ ጊዜ ሲመጣ ይለቃል። አንድ ባለሙያ መላጊያ ይዞ ሊመጣ ቀጠሮ ይዘናል። ላስልገው?

አናጢ ነኝ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡30

አሁን አይደለም! እባክህ ቀጠሮውን አስተላልፈው።

እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ወደ ጎኑ ይሰፋል፤ ወደ ቁመቱ ግን አይረዝምም ማለት ይቻላል። ዝናብ ላይ ያበጠውን ከላጋኸው ደረቁ ጊዜ ሲመጣ ክፍተቱ ይሰፋብሃል። የተላጠ እንጨት አይመለስም።

የሚነካካውን ቦታ በጠመኔ አግኘው። ጠርዙን ጠመኔ ቀብተህ በሩን ዝጋ፣ ክፈት። ጠመኔው የተላለፈበት ቦታ ነው የሚፋተገው። እሱን ሻማ አሸው። ወቅቱን በዚያ ታልፈዋለህ። በደረቁም ጊዜ የሚነካካ ከሆነ ያኔ ትንሽ ይላጥ። ከተላጠ በኋላ ያንን ጠርዝ ቫርኒሽ ወይም ቀለም ሳትቀባ እንዳትተወው። ራቁቱን የቀረ እንጨት ከሁሉ በላይ እርጥበት የሚጠጣው በእሱ በኩል ነው።

በሩ ከታች ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን የላይኛውን ማጠፊያም እየው። እብጠት ይመስላል እንጂ መውረድም ሊሆን ይችላል።

አዲስ ገቢ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡00

ተንሸራታች በርስ? እኛ ቤት ያለው በሐዲድ ላይ የሚሄድ ነው። ግራሶ ቀባሁት፤ አሁን ጭራሽ ይንቋቋል።

ማሽን ቤት · ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡25

ግራሶው አቧራውን ይዞ ጭቃ ሆኗል። ሐዲዱን በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ወልውለሽ አድርቂው። ጎማዎቹ ላይ የተጠመጠመ ክርና ፀጉር ይኖራል፤ በመቀስ ጫፍ አውጪው። ሐዲድ ንጹህና ደረቅ ሲሆን ነው ደስ የሚለው። ጎማው ከተሰነጠቀ መቀየር ብቻ ነው።

የጨቅላ እናት · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡30

አደረግነው!

እግሩ ሥር 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ገባ። ሰያፎቹ አሁን 250.4 እና 250.5 ናቸው። ስቴኪኒው አድሮ ብሎኑ ጥብቅ አለ፤ እጄን ሲቃወመኝ ይታወቀኛል። ማጠፊያዎቹን ስናጥብ የወጣው ነገር እንደ ማር ይሳባል። ያንን ሁሉ የቀባሁት እኔ ነኝ።

በሩን ስንመልሰው ግን አሁንም ከጎኑ ካለው በር በትንሹ ከላይ ይቀርባል። ይህንን በየትኛው ብሎን ነው የማስተካክለው? ክንዱ ላይ ሁለት አሉ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ።

አናጢ ነኝ · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡05

በብዙዎቹ ላይ ለበሩ የሚቀርበው የፊተኛው ብሎን በሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወስደዋል። የኋለኛው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ። ማጠፊያው ሳጥኑ ላይ የሚቀመጥበትን ጠፍጣፋ ብረት የያዙት ሁለቱ ደግሞ ለከፍታ ናቸው።

አንቺ የምትፈልጊው የላይኛውን ማጠፊያ የፊተኛ ብሎን ነው። በሩ ከጎረቤቱ ወደሚርቅበት አቅጣጫ ሩብ ዙር አዙሪ፤ ዝጊ፤ እዪ። ሌላ ሩብ ዙር። ግማሽ ዙር በአንዴ አታዙሪ። ከላይ ስታርቂው ከታች ይቀርባል፤ ስለዚህ የታችኛውንም እያየሽ። መሃለኛውን መጨረሻ ላይ አስተካክዪው፤ ከሁለቱ ጋር መስመር እንዲይዝ ብቻ። መሃለኛው ከሁለቱ ጋር ከተጣላ ሦስቱም ይጮኻሉ።

አንድ ሌላ ነገር፤ ይሄ ከጩኸት ይበልጣል። ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ጋር ታስሯል? ልጁ ነገ መዳህ ይጀምራል፣ ከዚያ ይዞ መቆም ነው። በሮቹ ሁሉ ተከፍተው መሳቢያው ከተሳበ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል። ከላይ በኩል በሁለት የብረት ማዕዘን ከግድግዳው ጋር እሰሩት። እግሩን ካስተካከላችሁ በኋላ ጥሩ ጊዜው አሁን ነው።

የጨቅላ እናት · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡40

አልታሰረም ነበር። ባለቤቴ አሁን ግድግዳውን እየበሳ ነው። ጋሼ፣ ይህንን ስላነሡልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ብሎኑን ሦስት ሩብ ዙር አዞርኩት፣ ወረቀቱ ዙሪያውን አለፈ።

የአያቴ ሳጥን · እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡15

የእኔም ዘንግ ወጣ። መሃሉ ላይ እንደ ወገብ ቀጥኗል፤ በጥፍር ሲነካ ይታወቃል። ሻማውን አሸሁት። ድመቷ ጠፍታለች። ነሐሱን አልነካሁትም።

የጨቅላ እናት · ሰኞ፣ ከሌሊቱ 9፡25

በዚያው ሰዓት ነው የምጽፈው።

ቅድም ዳይፐር ላወጣ ተነሣሁ። እንደ ልማዴ ትንፋሼን ይዤ፣ በጣም ቀስ ብዬ በሩን ሳብኩት። የሰማሁት የልጄን ትንፋሽ ብቻ ነው። በሩን ዘጋሁት፣ እንደገና ከፈትኩት። አላመንኩም ነበር። ልጁ አልተነሣም፤ እጁን እንደዘረጋ ተኝቷል።

አናጢ ነኝ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50

እሰይ፣ ደስ ብሎኛል። ከአንድ ወር በኋላ የላይኛውን ብሎን በእጅሽ አንዴ ሞክሪው፤ ኮምፔንሳቶውም ክብደት ሲያርፍበት ትንሽ ሊጨፈለቅ ስለሚችል ሰያፉንም ለኪው። ለውጥ ካየሽ እዚሁ ጻፊልኝ።